ያቺ የምታቃጥለዋ

ሥራችን ጧፍ ነው። ደብረ ብርሃን ውስጥ አንዲት ቆርቆሮ ቤት ተከራይተን፣ አራት ሆነን ሰም እናቀልጣለን፣ ፈትል እንነክራለን፣ ጧፍ እንሸጣለን። (ከተማዋ ስሟን ያገኘችው በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን በሰማይ ላይ በታየ ብርሃን ነው ይባላል። ጧፍ ሻጭ ከዚህ የተሻለ አድራሻ ከየት ያመጣል?) በዓል ሲደርስ እጃችን አይበቃም። በዓል ሲያልፍ ሰሙም ቁጭ፣ እኛም ቁጭ።

የጉልበት ማሻ ቅባት መሥራት የጀመርነው እንዲህ ቁጭ ባልንበት ሰሞን ነው።

ሐሳቡን ያመጣችው እትዬ ናት። ከአራታችን በዕድሜ ትልቋ እሷ ስትሆን፣ ሰም በጣቷ ዳሰስ አድርጋ «ይሄ የተበረዘ ነው፣ መልሱት» የምትል ዓይነት ሰው ናት። ጉልበቷን ያማታል። እዚህ ከፍታው ከ2,800 ሜትር አያንስም፤ ብርዱ ቆዳ ላይ አይቆምም። ቁርጥማት የሚለውን ቃል ያወጣው ሰው ኅዳር ላይ ደብረ ብርሃን ያደረ ይመስለኛል። የእትዬ እናት ድሮ ሚጥሚጣ በኑግ ዘይት አሙቀው ጉልበታቸውን ያሹበት ነበር። ዘይቱ ግን ይፈሳል፣ ልብስ ያበላሻል።

«እኛ ሰም አለን አይደል?» አለች። «ሰም ከገባበት ይረጋል።»

ረጋ። አሠራሩ ቀላል ነው። ትልቅ ድስት ውስጥ ውሃ ይጣዳል፣ በላዩ ትንሽ ድስት ይቀመጣል። እሳቱ ዘይቱን በቀጥታ እንዳያገኘው ነው፤ በርበሬ ካረረ ጭሱ ብቻውን ቤት ያስለቅቃል። ዘይቱ ውስጥ የተፈጨ በርበሬና ጥቂት የባሕር ዛፍ ቅጠል ገብቶ በለስላሳ እሳት አንድ ሰዓት ያህል ይቆያል። ከዚያ በአሮጌ ነጠላ ይጠለላል። ደቃቁ ካልወጣ ቆዳ ይፍቃል። ለአምስት እጅ ዘይት አንድ እጅ ሰም ይጨመራል። ሰም 60 ዲግሪን አለፍ ሲል ስለሚቀልጥ ለእኛ አዲስ ነገር አልነበረም። ከእሳት ወርዶ እስኪወፍር ይማሰላል። በቃ።

የመጀመሪያውን በርበሬ አድርገን ሠራንና ለጎረቤት በነፃ ሰጠን። ሞቅ ያደርጋል፣ ደስ ይላል። ግን ሁሉም አንድ ነገር ይላሉ። «ጥሩ ነው፣ ግን አያቃጥልም። ካላቃጠለ ምኑን መድኃኒት ሆነ?»

ጥፋቱ የጀመረው እዚህ ላይ ነው። ደንበኛ ንጉሥ ነው ብለን በሚቀጥለው አንድ ማንኪያ ጨመርን። ከዚያ ሌላ አንድ። ስድስት ማንኪያ ስንደርስ ሰዉ «እሰይ፣ አሁን ገና!» አለ፤ ቅባቱም በብር መሸጥ ጀመረ። አንዳችንም ወረቀት ላይ አንድ መስመር አልጻፍንም።

አንድ ቀን ከእኛ አንዱ ወደ ሸዋ ሮቢት ወርዶ ከገበያው ሚጥሚጣ ይዞ መጣ። በርበሬው አልቋል። የዚያን ቀን ድስቱ ላይ ያለሁት እኔ ነኝ።

«ስድስት ነው አይደል?» አልኩ።

«ስድስት ነው» አሉኝ።

የበርበሬ ስድስትና የሚጥሚጣ ስድስት አንድ እንዳልሆነ ወጥ የሠራ ሰው ሁሉ ያውቃል። እኔም አውቃለሁ። ግን እያማሰልኩ የነበረው ወጥ አልነበረማ! ማታ እጄን በውሃ ተለቃልቄ ቤት ገባሁ፤ ዓይኔን ባሸው ግማሽ ሰዓት እንባዬ ወረደ። ምልክቱ ይሄ ነበር። በማግስቱ ምን ብዬ አወራሁ መሰላችሁ? «የትናንቱ ሠርቶልናል፣ ኃይለኛ ነው።»

ከገዙት አንዱ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው። ጣርማ በርን ስንት ጊዜ እንደወጡ እንደወረዱ ቆጥረው አይጨርሱም። ሕመማቸው ግራ ጉልበታቸው ላይ ነው፤ ክላች የረገጠው።

ቅባቱን በወሰዱ በማግስቱ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ ቁልፉን ገና ሳዞር ከኋላዬ ቆመዋል። የግራ ሱሪያቸውን እስከ ጭናቸው ጠቅልለውታል። ጉልበቱ ቀልቶ፣ አብጦ፣ ከቀኙ ጋር ሲያዩት የሌላ ሰው ይመስላል።

«አንተ ልጅ፣ ምን ብታደርገኝ ነው?»

«ምን ሆኑ ጋሼ?»

«ደህና አድርጌ ለቀለቅሁት። በፌስታል ጠቀለልኩት። በላዩ ባና ደረብኩና ከሰሉን አስጠጋሁ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ነደደ! ተነሥቼ በሙቅ ውሃ አጠብኩት። ጭራሽ ባሰበት።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሌሊት ደግሞ ለሽንት ወጥቼ ነበር።»

ምን እንደምል ጠፋኝ። እትዬ ፊቷን ወደ ሰሙ አዞረች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁት።

ሳቁ ፋርማሲ እስክንደርስ ነው የቆየው። ፋርማሲስቷ ልጅ እግር ናት፣ ሁሌም ጧፍ ትገዛናለች። ጉልበታቸውን አየችና ስለ ቅባቱ ሳይሆን ስለ እሳቸው ጠየቀች።

«አባባ፣ ስኳር አለብዎት?»

«አለብኝ።»

«እግርዎን ይደነዝዝዎታል?»

«አልፎ አልፎ።»

ቀና ብላ አየችኝ። ያን አስተያየት እስካሁን አልረሳሁትም። እኔ ቅባቱን ስሸጥላቸው የጠየቅኋቸው አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ «ትልቁን ነው ትንሹን?»

ጥጥ በምግብ ዘይት ነክራ ቀስ እያለች ጠረገችላቸው። ከዚያ ሳሙናና ቀዝቃዛ ውሃ። የሚያቃጥለው ነገር ካፕሳይሲን ይባላል፤ ውሃ አያሟሟውም፣ ዘይት ግን ያነሣዋል። የእኔም እጅ በውሃ ያልለቀቀው ለዚህ ነው። ውሃ አልቋጠረም፣ ተመስገን። ቢሆንም ስኳር ስላለባቸው ጤና ጣቢያ ሄደው እንዲታዩ አደረገች። «እግሩ የደነዘዘ ሰው ሲቃጠልም ላይሰማው ይችላል» አለችኝ። «እሳቸው ስለተሰማቸው እግዚአብሔርን አመስግን።»

ከሰልና ሙቅ ውሃ ለምን እንዳባሰው ያስረዳችኝም እሷ ናት። ነርቫችን ላይ ሙቀት የሚለይ እንደ በር ያለ ነገር አለ፤ 43 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ተከፍቶ «ተቃጠልክ!» ይላል። ካፕሳይሲን ያንኑ በር ያለ እሳት ይከፍተዋል። ለዚህ ነው በርበሬ ሳይሞቅ የሚያቃጥለው። በሩ በካፕሳይሲን ተከፍቶ ሳለ ሙቀት ከጨመሩበት ደግሞ ለብ ያለው ውሃ ራሱ የፈላ ይመስላል። ዴቪድ ጁሊየስ የሚባል ሳይንቲስት በ2021 እ.ኤ.አ. ኖቤል ከተሸለሙት ሁለት ሰዎች አንዱ የሆነው ይህን በር በማግኘቱ ነው፤ ያገኘው ደግሞ በዚሁ በካፕሳይሲን ፈልጎ ነው። እኛ ከሰል አስጠግተን አገኘነው።

ከሁሉ የገረመኝ ግን የመጠኑ ነገር ነው። መደርደሪያው ላይ ያለው የፋርማሲ ክሬም 0.025 በመቶ ይላል። 100 ግራም ውስጥ 25 ሚሊ ግራም ማለት ነው። ጠንከር ያለው 0.075 ነው። እሱም በቀን ሦስት አራት ጊዜ በስሱ እየተቀባ፣ ለሳምንታት ነው የሚሠራው፤ ነርቩ ቀስ በቀስ ሕመም ማስተላለፉን ይቀንሳል። ማቃጠሉ የኃይሉ መለኪያ አይደለም፤ አብሮት የሚመጣ ጣጣ ነው። እኛ ደግሞ ጣጣውን ነበር በማንኪያ ስንጨምር የከረምነው።

«ስንት በመቶ ነው የእናንተ?» አለችኝ።

«ስድስት ማንኪያ» አልኳት።

አልሳቀችም። ለሕመም ብሎ የሚሸጥ ቅባት ተመዝግቦ ፈቃድ ካላገኘ መሸጥ እንደማይቻል ነገረችኝ። ይህንንም ጠይቀን አናውቅም ነበር። የቀረውን ሰበሰብን፣ የገዙትን በየቤታቸው እየዞርን ብራቸውን መለስን። አንዲት እናት «ለእኔ ደህና ነው» ብለው አልሰጥም አሉ፤ እትዬ ናት ለምና ያስመለሰቻቸው።

አሁን አንሸጥም። ለእትዬ ጉልበት ግን ትንሽ ትንሽ እሠራለሁ። ሚዛን ገዝቻለሁ፤ ግማሽ ኪሎ ዘይት፣ 100 ግራም ሰም፣ 10 ግራም በርበሬ። ሚጥሚጣ የለም። ጓንት አደርጋለሁ። በርበሬ ስቀይር ክንዷ ላይ በውስጥ በኩል ነጥብ ታህል ቀብታ ታድራለች፤ ስሙ አንድ ሆኖ ኃይሉ ከማሳ ማሳ ይለያያል። የቆሰለ ቦታ ላይ የለም፣ ፌስታል የለም፣ ከሰል የለም። እትዬ ይሄን ሁሉ ሰምታ «እናቴ ያለ ሚዛን ነበር የምታሸው፣ የአባቶች መድኃኒት ነው» ትላለች። በርበሬ ከአሜሪካ አህጉር የወጣው ከ1492 እ.ኤ.አ. ወዲህ መሆኑን ስነግራት ተቆጣች። ተውኩት።

ጋሼ ዳኑ። ጉልበታቸው በሳምንቱ ወደ መልኩ ተመለሰ። ሐኪም አይቷቸው፣ ከፋርማሲ ያቺን 0.025 ክሬም ገዝተው ይጠቀማሉ። ባለፈው ለክብረ በዓል ጧፍ ሊገዙ መጡ። ሒሳብ ከፍለው፣ ጧፉን በጋዜጣ ጠቅልዬላቸው፣ መሄድ ሲገባቸው ቆሙ። እትዬ አለመኖሯን አዩና ጠጋ አሉኝ።

«ስማ፣ ያቺ የምታቃጥለዋ የለችም?»

«ጋሼ! የፋርማሲውስ?»

«እሱማ ደህና ነው፣ ሕመሙን ቀንሶልኛል» አሉ፣ ቅር እንዳላቸው። «ግን አያቃጥልም።»