«ሮኩሮኒየሙን መልሰው»

ሜሪላንድ ውስጥ የምሠራበት ሆስፒታል ነው። አንዲት ሴት የሆድ ኦፕራሲዮን ጨርሳ፣ ነቅታ ወደ ማገገሚያ ክፍል ሄደች። ሰዓት ሳይሞላ ግፊቷ ወረደ። ውስጥ ውስጡን እየደማች ነው፤ እንደገና መከፈት አለባት።

አብሮኝ የነበረው ልጅ ሀበሻ ነው፤ ሰመመን መስጠት ከጀመረ ብዙም አልሆነው። እጁ ቀጥ ብሎ ወደ ሮኩሮኒየሙ ሄደ። ጡንቻ ለማዛል በየቀኑ የምንጠቀመው እሱኑ ነው።

«መልሰው» አልኩት።

«ለምን ጋሼ?»

የመጀመሪያው ኦፕራሲዮን ሲያልቅ ሱጋማዴክስ ሰጥተናት ነበር፤ ሮኩሮኒየምን የሚያከሽፍ መድኃኒት ነው። ልጁ ራሱ አውራ ጣቷን ይዞ አይቷል። ነርቩን በመሣሪያ አራት ጊዜ ስንነካው ዝም ያለው ጣት፣ ሁለት ደቂቃ ገደማ ሲሆን አራቱንም ጊዜ ዘለለ።

ሱጋማዴክስ ከሳይክሎዴክስትሪን የተሠራ ነው፤ ስምንት ስኳሮች ተያይዘው የሠሩት ቀለበት። ውጭው ውሃ ስለሚወድ ደም ውስጥ ይሟሟል። መሀሉ ያለው ጉድጓድ ግን ከውሃ ጋር አይስማማም። የሮኩሮኒየም ስቴሮይድ አካልም እንደዚያው ነው፤ ስለዚህ ሄዶ እዚያ ይገባል። ስኮትላንድ የነበሩት የመድኃኒት ኩባንያው የኦርጋኖን ተመራማሪዎች ደግሞ ኔጌቲቭ ቻርጅ ያላቸው ስምንት ጭራዎች ጨምረው ጉድጓዱን አጠለቁት። ፖዘቲቩ ሮኩሮኒየም አንዴ ከገባ መውጣቱ ብርቅ ነው።

እኔን ሁሌ የሚገርመኝ፣ ሱጋማዴክስ ሮኩሮኒየም የሚቀመጥበትን የጡንቻ ተቀባይ ጨርሶ አለመንካቱ ነው። ደም ውስጥ ያለውን ነጻ ሮኩሮኒየም ሲለቅመው፣ ጡንቻው ላይ ያለው ራሱ ተከትሎ ወደ ደም ይወጣል። ባዶውን የተረፈው ቀለበትስ? ኩላሊት እስኪያስወጣው ድረስ እዚያው ይዞራል። አሁን የተለመደውን የሮኩሮኒየም ዶዝ ብንሰጣት እሱንም ይለቅመዋል።

መመሪያው ኩላሊቱ ደህና ለሆነ ሰው፣ በኪሎ እስከ 4 ሚሊግራም ሱጋማዴክስ ከወሰደ፣ በኪሎ 0.6 ሚሊግራም ሮኩሮኒየም ለመድገም 4 ሰዓት ጠብቁ ይላል። በኪሎ 1.2 ሚሊግራም ከሆነ ከ5 ደቂቃ በኋላም ይቻላል፤ ግን ዘግይቶ ሊይዝ፣ ቶሎም ሊለቅ ይችላል። የሚደማ ሰው ፊቴ ተኝቶ ይህን ቁማር አልጫወትም።

ቱቦውን በሰክሲኒልኮሊን አስገባን፣ ከዚያ ወደ ሲሳትራኩሪየም ዞርን። ሁለቱም ጡንቻ ያዝላሉ፤ ስቴሮይድ ስላልሆኑ ግን ቀለበቱ አይዛቸውም። ደሟ ቆመ።

በማግስቱ ልጁ ሊያያት ሄደ። የወሊድ መከላከያ ኪኒን ትወስዳለች፤ ሱጋማዴክስ ደግሞ ኪኒኑ ውስጥ ያሉትን ፕሮጀስትሮን መሰል ሆርሞኖችንም ይይዛል። ስለዚህ ለ7 ቀን ሆርሞን የሌለው ሌላ መከላከያ እንድትጨምር ነገራት። ሆዷን በሁለት እጇ ደግፋ ሳቀች።

«በዚህ ሆድ ማን ሊጠጋኝ ነው?»