ድንጋዩን ገልብጡትና ሆዱን እዩ

ዳቦ በኮባ ሲጋገር የቅጠሉ መስመር ከዳቦው ሆድ ላይ ታትሞ ይቀራል። ቅጠሉ ተልጦ ከተጣለ በኋላም ዳቦውን የገለበጠ ሰው ቅጠሉ ምን ይመስል እንደነበር ያውቃል። በደቡብ አውስትራሊያ የፍሊንደርስ ተራሮች ያሉት፣ 550 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠሩት የኢዲያካራ ቅሪተ አካላትም የቆዩልን እንዲሁ ነው። አጥንት የላቸውም፣ ዛጎል የላቸውም። የቀረው በአሸዋ ድንጋይ ንጣፍ ሆድ ላይ የታተመው ቅርጽ ብቻ ነው። የንጣፉን ጀርባ ብቻ እያየ የሚሄድ ሰው ረግጧቸው ያልፋል።

እ.ኤ.አ. በ1946 የመንግሥት ጂኦሎጂስት የነበረው ሬጅ ስፕሪግ ያረጁ የማዕድን ጉድጓዶችን ሊመረምር ወደ ኢዲያካራ ኮረብታዎች ሄዶ እነዚህን ቅርጾች ሲያገኝ ጄሊፊሽ መስለውት ነበር። ዛሬ ከክቦቹ ብዙዎቹ ላባ መሰል ፍጥረታት ከባሕሩ ወለል ጋር የተጣበቁበት እግር እንደሆኑ ይታወቃል።

አሸዋ ለስላሳ አካልን ለማቆየት የማይመች ነገር ነው፤ ውሃ ያሳልፋል፣ ቅንጣቱም ሻካራ ነው። እዚህ የረዳው ስልባቦት ነው ማለት ይቻላል። ያን ጊዜ የባሕሩን ወለል ረቂቅ ተሕዋስያን፣ በወተት ላይ እንደሚረጋ ስልባቦት፣ ሸፍነውት ነበር። ማዕበል አሸዋ አምጥቶ እንስሳቱን ካሉበት ሲቀብራቸው ስልባቦቱም አብሮ ይቀበራል። በውስጡ ያሉ ባክቴሪያዎች ሃይድሮጂን ሰልፋይድ ያወጣሉ፤ እሱም ከብረት ጋር ተዋሕዶ ፒራይት የሚባል ማዕድን ይሆናል። ፒራይቱ አካሉ ሳይፈርስ በፊት ከላይ የወረደውን አሸዋ ሆድ ያጣብቀዋል። የቅሪተ አካል ተመራማሪው ጂም ጌሊንግ በ1999 ያቀረበው «የሙት ጭምብል» የሚባለው ሐሳብ ይህ ነው። ሌሎች ደግሞ ያጣበቀው በባሕሩ ውስጥ በብዛት የነበረው ሲሊካ፣ የአሸዋና የብርጭቆ ዋና ንጥረ ነገር፣ ነው ይላሉ። ሁለቱ የግድ የሚጣሉ አይመስለኝም። ስልባቦቱ ራሱም አሻራ ትቷል፤ እንደ ዝሆን ቆዳ የተጨማደደ ገጽ ካያችሁ ፍለጋውን ከዚያ ጀምሩ።

የቅርጹ ጉድጓድነት ወይም እብጠት ራሱ ይናገራል። ዲኪንሶኒያ የሚባለው ጠፍጣፋና ሞላላ እንስሳ በድንጋዩ ሆድ ላይ ጉድጓድ ሆኖ ይገኛል፤ አካሉ ጠንከር ያለ ስለነበር ከላይ ያለው አሸዋ እስኪጠነክር ቅርጹን ይዞ ጠብቋል። ቶሎ የበሰበሱት ግን ቦታቸውን ሲለቁ የላይኛው አሸዋ ወርዶ ስለሞላው በሆዱ ላይ አብጠው ይታያሉ። ዲኪንሶኒያ የተመገበበት ቦታም አብጦ ይወጣል፤ ስልባቦቱን በልቶ ያጎደጎደውን አሸዋ ሞልቶታልና። ተመሳሳይ መጠን ያላቸው ደብዛዛ እብጠቶች ተከታትለው ካገኛችሁ አንድ እንስሳ ከማዕድ ወደ ማዕድ የተዛወረበት መንገድ ሊሆን ስለሚችል ዳርቻቸውን ሁሉ ፈትሹ።

በቀትር ፀሐይ ምንም አይታይም። የብዙዎቹ ጥልቀት ከጥቂት ሚሊሜትር አይበልጥም፤ ብርሃኑ ከጎን፣ ድንጋዩን ሊነካ ጥቂት ሲቀረው ካልመጣ ጥላ አይወድቅም። ጠዋትና ማታ ሥሩ፣ ወይም ድንጋዩን አጥልታችሁ በባትሪ ከጎን አብሩበት። ፎቶ ስታነሡ መብራቱ ከላይ በግራ በኩል ይሁን፣ መለኪያም አስቀምጡ። ብርሃኑ ከታች ከመጣ ዓይን ይታለልና ጉድጓዱ እብጠት ይመስላል።

የጥልቀቱን ነገር ኢካሪያ የተባለችው ትል መሰል ትንሽ እንስሳ በደንብ ታሳያለች። የእነዚህ ቅሪተ አካላት መገኛ በሆነችው በኒልፔና ንጣፎች ላይ ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር ስፋት ያላቸው፣ በግራና ቀኝ ትንሽ ግድብ ያላቸው ቦዮች ከታወቁ ቆይተው ነበር፤ ቆፋሪው ግን አይታወቅም ነበር። ከቦዮቹ አጠገብ የሩዝ ፍሬ የሚያህሉ ሞላላ ጉድጓዶች በሌዘር ስካነር ሲለኩ አንደኛው ጫፍ ከሌላው ወፈር ያለ መሆኑ ታየ። ፊትና ኋላ ያለው አካል ነው ማለት ነው። ግኝቱ በ2020 ታተመ፤ ስሙም ከአካባቢው ባለቤቶች ከአድንያማታንሃ ሕዝብ ቋንቋ ተወሰደ።

ከሐሰተኛው ተጠንቀቁ። ማንጋኒዝ የሚስለው የቅጠል ቅርጽ እብጠትም ጉድጓድም የለውም፣ ወደ ስንጥቁ ውስጥም ይዘልቃል። የብረት ዝገት ቀለበት ድንጋዩን ሰንጥቆ ስለሚያልፍ ጠርዙን ማየት ይበቃል። በክብደት የሰመጠ አሸዋ የሚፈጥረው እብጠት ደግሞ አንዱ ከሌላው አይመሳሰልም፤ የእውነተኛ ፍጥረት አሻራ ግን በመጠን ቢለያይም ሥርዓቱ አንድ ነው።

በኒልፔና ንጣፉ የሚነሣው ተሰነጣጥቆ ስለሆነ እያንዳንዱ ቁራጭ ተለይቶ ይገለበጣል፣ ተጠርጎም ከጎረቤቱ ጋር ይገጠማል። ሲገለበጥ ግራው ቀኝ ይሆናል፤ ቁጥሩና የሰሜን ምልክቱ ድንጋዩ ከመነሣቱ በፊት ካልተጻፈ የጥንቱ ባሕር ውሃ የፈሰሰበትን አቅጣጫ መልሶ ማወቅ አይቻልም። ብዙዎቹ ንጣፎች እዚያው መቆየታቸው ትክክል ነው፤ አንዱን ዲኪንሶኒያ ቆርጦ የወሰደ ሰው እንስሳው ከማን ጋር እንደኖረ የሚነግረውን ሁሉ አጥፍቷል። ሕጉም ይከለክላል።

ቅጂ የሚያስፈልገው በላቴክስ፣ ማለትም በፈሳሽ ጎማ፣ ያወጣል። የመጀመሪያው ቅብ ስስ መሆን አለበት፤ ከወፈረ አየር ይይዝና ቅርጹ ላይ ቀዳዳ ይተዋል። ሲደርቅ ሁለተኛው፣ ከዚያ ሻሽ፣ ከዚያ እንደገና ቅብ። ቅንጣቱ በጣት ሲዳሰስ የሚረግፍ ድንጋይ ላይ ግን አትሞክሩት፤ ላቴክሱ ሲላጥ ቅርጹን ይዞት ይወጣል።