ቪን ስከሊ፣ ሶስት ኢኒንግ እና የአባቴ ሸክላዎች

ቤዝቦልን ከመውደዴ በፊት የወደድኩት ጨዋታውን በሬዲዮ የሚያስተላልፈውን ቪን ስከሊን ነው። ሎስ አንጀለስ ኤርፖርት ታክሲዎች ተራ የሚጠብቁበት ግቢ ውስጥ መስኮት ዝቅ አድርገን እንቀመጣለን፣ አንዱ መኪና ውስጥ ዜና፣ አንዱ ጋ የአስቴር ካሴት፣ አንዱ ጋ ደሞ ይሄ ሰውዬ። ማን መታ፣ ማን ሮጠ፣ ለምን ሮጠ ምንም አይገባኝም ነበር፣ ግን ድምፁ ሰፈር ውስጥ የሚከበር አንድ ሽማግሌ በረንዳ ላይ ቁጭ ብሎ የሚያጫውትህ ነው የሚመስለው። አይጮህም አይቸኩልም። ቃላቱን አጥርቶ ስለሚያወራ እንግሊዝኛዬም የተፍታታው በሱ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ለማታውቁት፣ ስከሊ ዶጀርስ የሚባለውን ቡድን ጨዋታ ማስተላለፍ የጀመረው በ1950 ነው (ቀኖቹን የአሜሪካ ስለሆኑ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ያኔ ቡድኑ ገና ኒውዮርክ ብሩክሊን ነበር። በ1958 ወደ ሎስ አንጀለስ ሲመጣ አብሮ መጣ፣ እስከ 2016 ድረስ ከማይክሮፎኑ አልተነሳም። 67 የውድድር ዘመን! አንድ ቡድን በዓመት 162 ጨዋታ አለው፣ ማለትም ከሚያዝያ እስከ መስከረም በየቀኑ ማለት ይቻላል። ኳስ ተወርውራ ቀጣይዋ እስክትወረወር ደሞ ዝም ብሎ የሚያልፍ ጊዜ አለ፣ እግር ኳስ ለለመደ ሰው ያ ክፍተት አሰልቺ ነው፣ እኔንም ያሰለቸኝ ነበር። ስከሊ ግን እዛች ክፍተት ውስጥ ነው የሚኖረው። የመቺውን አያት ታሪክ ይጀምርልሃል፣ ኳስ ትወረወራለች፣ ያቆማል፣ ይነግርሃል፣ ከዛ ካቆመበት ይቀጥላል፣ ታሪኩ ልክ ኢኒንጉ (ጨዋታው ከሚከፈልባቸው ዘጠኝ ዙሮች አንዱ) ሲያልቅ ያልቃል። እንዴት እንደሚያደርገው እስካሁን አይገባኝም። ብቻውን ነው የሚሰራው፣ አሁን እንደምናየው ሁለት ሶስት ሰው እርስ በርስ አያወራም፣ ስለዚህ የሚያወራው ካንተ ጋር ነው።

ቡድኑ አዲስ የመጣ ጊዜ የሚጫወተው ኮሊሲየም በሚባለው ግዙፍ ስታዲየም ነበር፣ ከሜዳው በጣም የራቀ መቀመጫ ስላለው ሰዉ ትራንዚስተር ሬዲዮ ይዞ ይገባና ፊት ለፊቱ ያለውን ጨዋታ ከስከሊ ይሰማል። በ1960 አንድ ቀን ከዳኞቹ የአንዱ ልደት መሆኑን አወቀና በሬዲዮ ሶስት ስል ሁላችሁም መልካም ልደት በሉት አለ፣ ቆጠረ፣ ስታዲየሙ በአንድ ድምፅ ጮኸ። ዳኛው ምን ያህል እንደደነገጠ አስቡት።

የኔ ቁጥር አንድ ግን የመስከረም 9 ቀን 1965 ስርጭት ነው። ሳንዲ ኮፋክስ የሚባለው ወርዋሪ የቺካጎ ከብስን 27 መቺ አንድም ሰው ቤዝ (መቺው ሮጦ የሚደርስበት ማረፊያ) ሳያስረግጥ በተከታታይ ያስወጣበት ቀን፣ ፐርፌክት ጌም ይሉታል፣ ውጤቱ 1 ለ 0። ስከሊ እንዲህ ዓይነት ነገር ሲቃረብ የመጨረሻዋ ኢኒንግ እንድትቀዳ ያስደርግ ነበር፣ ለወርዋሪው ማስታወሻ እንድትሆነው ብሎ። ቀኑን ብቻ ሳይሆን ሰዓቱንም ልጨምርለት አለና ደጋግሞ እየጠራው ነው የሚሄደው፣ መጨረሻ ላይ ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ ስድስት ደቂቃ ይላል በነሱ አቆጣጠር። የኮፋክስ ኮፍያ ሲወልቅ፣ ላቡን ሲጠርግ፣ ትንፋሽ ሲስብ ሁሉንም ትሰማለህ፣ ምስል የለም እኮ ግን ታየዋለህ። ከዛ የመጨረሻው ሰው ወጣ፣ ስከሊ ዝም አለ፣ የህዝቡን ጩኸት ለቀቀልን።

ዝምታው ነው ከሌላው የሚለየው። በ1974 አትላንታ ላይ የአትላንታው መቺ ሀንክ አሮን 715ኛውን ሆምረን (ከአጥር በላይ የሚወጣ ምት) መትቶ የድሮውን ዝነኛ መቺ የቤብ ሩትን ሪከርድ ሲሰብር ተጋጣሚው ዶጀርስ ስለነበር ስከሊም እዛ ነበር። አሮን ለዓመታት የጥላቻና የግድያ ዛቻ ደብዳቤ ሲጎርፍለት የከረመ ሰው ነው፣ ጥቁር ስለሆነ ብቻ። ስከሊ ኳሷ መውጣቷን ተናገረ፣ ከዛ ረጅም ዝምታ፣ ርችቱና ጩኸቱ ብቻ ይሰማል። ሲመለስ ያነሳው ቁጥሩን አይደለም፣ አንድ ጥቁር ሰው በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ህዝብ ቆሞ ሲያጨበጭብለት ማየት ምን ማለት እንደሆነ ነው የተናገረው። እዚህ አገር ጥቁር ልጆች ለማሳድግ ለኔ ያ ቅጂ ትልቅ ነገር ነው፣ ልጆቼን አስደምጫቸዋለሁ።

የስፓኒሽ አስተላላፊው ሀይሜ ሀሪንንም ሳላነሳ አላልፍም። በ1955 ከኢኳዶር ሲመጣ ቤዝቦል አይቶ አያውቅም፣ በ1959 ዶጀርስን በስፓኒሽ ማስተላለፍ ጀመረ፣ እስከ 2022 ቀጠለ። መጀመሪያ አካባቢ ቡድኑ ከከተማ ሲወጣ አብሮ ስለማይሄድ ስቱዲዮ ቁጭ ብሎ የእንግሊዝኛውን ስርጭት እየሰማ እዛው በዛው በስፓኒሽ ያስተላልፍ ነበር። ስደተኛ ሆኖ ለከተማው ግማሽ ህዝብ ድምፅ መሆን ቀላል ነገር አይደለም።

እኔ ድሮም የሬዲዮ ልጅ ነኝ። ደምሴ ዳምጤ በ1980 ዓ.ም የሴካፋን ፍጻሜ ከዚምባብዌ ጋር ሲያስተላልፍ ቤታችን የነበረውን ሰው ሁሉ አስታውሳለሁ፣ ፔናሊቲው ላይ ማንም አይተነፍስም። ሬዲዮው ከአባቴ የሸክላ ማጫወቻ አጠገብ ነበር የሚቀመጠው፣ ማጫወቻውን ማንም አይነካም፣ አባዬ ብቻ ሸክላውን ጠርዝ ጠርዙን ይዞ በጨርቅ ጠርጎ መርፌውን ያስቀምጣል፣ መጀመሪያ ጭርርር የሚል ድምፅ ከዛ የጥላሁን ድምፅ። ብዙዎቹ የአምሃ ሪከርድስ ነበሩ። አምሃ እሸቴ በ1961 ዓ.ም ሸክላ የማሳተም ፈቃድ የሀገር ፍቅር ብቻ ነው በሚባልበት ዘመን ደፍሮ የዓለማየሁ እሸቴን ሸክላ ያወጣ፣ ህንድ አገር ልኮ ያሳተመ ወጣት ነው፣ እግዜር ነፍሱን ይማር።

ጥላሁንንም ስከሊንም እናፍቃለሁ ግን ናፍቆታቸው አንድ ዓይነት አይደለም። ጥላሁን ሸክላው ላይ ሁልጊዜ ያ ጎረምሳ ነው፣ ካረፈ ስንት ዓመቱ፣ ድምፁ ንቅንቅ አላለም። ስከሊ ግን አብሮን ነው ያረጀው። እኔ መንዳት ስጀምርና ስተወው የነበረው ድምፁ ይለያያል፣ ሰማሁት እኮ ሲሳሳ። ሸክላ ስታስቀምጥ ቀጥሎ የሚመጣውን ታውቀዋለህ፣ የቀጥታ ስርጭት ላይ ግን እሱም አያውቅም አንተም አታውቅም፣ አብራችሁ ትጠብቃላችሁ፣ ቅጂውን አሁን መቶ ጊዜ ብሰማው ያንን አብሮ መጠበቅ አይመልስልኝም።

በመጨረሻዎቹ ዓመታት ሬዲዮ ላይ የሚሰማው የመጀመሪያዎቹን ሶስት ኢኒንግ ብቻ ነበር፣ ከቲቪው ጋር በአንድ ላይ፣ ከዛ ሬዲዮው ለሌሎች ይለቀቃል። ከ2014 ጀምሮ ደሞ በኬብል ኩባንያዎች ጭቅጭቅ ምክንያት አብዛኛው የከተማው ቤት ጨዋታውን በቲቪ ማግኘት አልቻለም ነበር፣ ያ እስካሁን ያናድደኛል፣ የአንድ ሰው የመጨረሻ ዓመታት እንዴት ለገንዘብ ክርክር መያዣ ይሆናል? ስለዚህ ብዙዎቻችን የቀሩን ሶስቱ ኢኒንጎች ነበሩ፣ እኔም ምሽት ላይ ተሳፋሪ ካልያዝኩ ሶስቱ ሳያልቁ ከግቢው አልወጣም ነበር። ጥቅምት 2 ቀን 2016 ሳንፍራንሲስኮ ላይ ተሰናበተ፣ ነሐሴ 2022 በ94 ዓመቱ አረፈ።

አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ ሰሞኑን ቤት ሊያድስ ነው፣ የአባዬን ሸክላዎች ምን ላድርጋቸው ብሎ ደወለልኝ። ተደራርበው ከተኙ ይጣመማሉና አቁመህ ደርድራቸው፣ ፀሐይ አያግኛቸው፣ ካርቶኑ ስር አባዬ ከሬዲዮ የቀዳቸው ካሴቶች አሉ እነሱንም ለማንም እንዳትሰጥ አልኩት። በክረምት ስሄድ ካሴቶቹን ወደ ኮምፒውተር እገለብጣቸዋለሁ፣ የደምሴ ድምፅ ከመሃላቸው ካለ የመጀመሪያው እሱ ነው።