በሌሊት የሚያልፉት

ዛሬ ንጋት ላይ እናቴን ይዤ፣ ኢየሩሳሌም ውስጥ ከክኔሴት፣ ማለትም ከእስራኤል ምክር ቤት፣ አጠገብ ወዳለው የአእዋፍ መመልከቻ ሥፍራ ሄድሁ። ሥፍራው ከተመሠረተበት ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተጓዥ ወፎች እየተያዙ፣ ቀለበት እየታሰረላቸው የሚለቀቁበት ነው፤ እኔም በፀደይ ወራት ከባለሙያዎቹ ሥር ሆኜ ሥራውን መማር ከጀመርሁ ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። እናቴ ግን ተጓዥ ወፍ ሲባል የሚታያት ሽመላ ብቻ ስለሆነ፣ ከመኪናው እንደወረደች ቀና ብላ ሰማዩን ቃኘች።

አልፈረድሁባትም። እርሷ ባደገችበት በጎንደር ገጠር፣ የቤተ እስራኤል ልጆች ሽመላ ሲያልፍ ባዩ ቁጥር የኢየሩሳሌምን ደኅንነት በዜማ ይጠይቁት ነበር። ሽመላ ሲጓዝ ለሰው የሚታየው፣ ፀሐይ ካሞቀችው ምድር በሚነሣው አየር ላይ ክንፉን ዘርግቶ ስለሚንሳፈፍና ለዚህም የቀን ብርሃን ስለሚያስፈልገው ነው። ትንንሾቹ ዘማሪ ወፎች ግን አብዛኞቹ የሚበርሩት በሌሊት ነውና ሲሄዱ የሚያያቸው የለም፤ ሲነጋ ባገኙት ቁጥቋጦ ውስጥ ይገባሉ፣ እኛም እዚያ መረብ ዘርግተን እንጠብቃቸዋለን።

የመረቡ ክር እጅግ ቀጭን ስለሆነ በጥላ ውስጥ አይታይም፤ የበረረችበት ወፍ ልል ሆኖ በተተወው ኪስ ውስጥ ትወድቃለች። የዛሬዋ የመጀመሪያ ወፍ ግራጫ ጀርባ፣ ነጭ ጉሮሮና በዓይኗ ዙሪያ የጠቆረ ላባ ነበራት። የአማርኛ ስም አላገኘሁላትም። በዕብራይስጥ «ሲብኺ ቶኻኒም» ይሏታል፤ ዜማዋ የወፍጮ መንቀጭቀጭ ስለሚመስል በወፍጮ ፈጪዎች የተሰየመች ናት። እናቴ በድንጋይ ወፍጮ ስትፈጭ ያደገች ሴት ናትና ስሙን ፈጽሞ አልተቀበለችውም።

ይህች ወፍ የአውሮፓን ክረምት በኢትዮጵያና በሱዳን ግራሮች መካከል አሳልፋ ወደ ሰሜን የምትመለስ ናት። አንገቷን በሁለት ጣቶቼ መካከል ይዤ፣ ክብደቱ የአንድ ግራም አንድ አሥረኛ የማይሞላ፣ ቁጥር የተቀረጸበትን ቀለበት በጉጠት እግሯ ላይ ገጠምሁ። ከዚያም የሆዷን ላባ እፍ ስል ተከፈለና ስስ ቆዳዋ ታየ። ከጉዞ በፊት ከቆዳው ሥር ቢጫ ስብ ይኖር ነበር፤ አሁን ግን ቀይ ሥጋዋና እንደ ስለት የወጣው የደረቷ አጥንት ብቻ ቀርተዋል። ሚዛኑ ዘጠኝ ግራም ተኩል አለ።

«መንገድ ላይ ጨርሳዋለች በይኛ» አለች እናቴ ጠጋ ብላ። አዎ፣ በረሃውን ያቋረጠችው በእርሱ ነው፣ ያውም በሌሊት እየበረረች፣ አልኋት።

«ታዲያስ! በቀን የሚሄድማ ይታያል።»

እናቴ በ1984 እ.ኤ.አ. ወደ ሱዳን በእግራቸው ከወጡት አንዷ ናት። ስለዚያ መንገድ በራሷ ፈቃድ ስትናገር የሰማሁባቸው ጊዜያት ከአንድ እጅ ጣቶች አይበልጡም፤ መጠየቅም ትቻለሁ። ዛሬ ግን ዓይኗን ከወፏ ሳታነሣ፣ «እኛም ሲነጋ ጥሻ ውስጥ ነበር የምንገባው» አለች። በዚህ መካከል ጣቶቼ ላሉና ወፏ የክንፏን ርዝመት ሳልለካ አምልጣኝ ሄደች። ቁጥሯ፣ ክብደቷና የስቧ መጠን ተመዝግበዋል፤ የክንፉ ዓምድ ባዶውን ነው። ኃላፊው ዝም ብሎ አየኝ፤ ጥፋቱ የእኔ ስለሆነ እኔም ዝም አልሁ።

ቀለበት የሚታሰርላቸው ትንንሽ ወፎች አብዛኞቹ ዳግም በሰው እጅ አይገቡምና፣ ያን ዓምድ የምሞላበት ዕድል የሚገኝ አይመስለኝም።

ከዚያ በኋላ ስድስት ወፎች ተያዙ። ከእነርሱ መካከል ዕብራውያን «ጥቁር ኪፓ» የሚሉት፣ አናቱ በእርግጥም ኪፓ፣ ያቺን የአይሁድ ወንዶች ትንሽ ቆብ፣ የደፋ የሚመስል ወንድ ነበረበት፤ እናቴ ሳቀችለት። እኔ ክንፍ ስለካ እርሷ ከመረቡ ፊት ለፊት ባለው አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ነጠላዋን ተከናንባ ነበር። ሰማዩን ማየት ትታለች። የመረቡ ጫፍ ገና ሲንቀጠቀጥ ከሁላችን ቀድማ ያየችው እርሷ ናት፦ «ነይ ቶሎ፣ ሌላ ገብታለች!»