መረቡ ሥር ያለው ሰውዬ

ቴኒስ የሚወድ ወሎዬ ብርቅ ነው። ከቴኒስም የወንዶችን ጥንድ መርጦ የሚያይ ፈልጉ ብትባሉ፣ ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ ከኔ ሌላ የምታገኙ አይመስለኝም። ስለ ጆኮቪችና ስለ አልካራዝ የሚከራከሩ ልጆች አሉ። ሁለት ለሁለት ሲሆን ግን «የሽማግሌ ጨዋታ» ብለው ቻናል ይቀይራሉ። እኔ ኮምቦልቻ የስፖርት መምህር ነኝ፤ በወጣትነቴ መረብ ኳስ ተጫውቻለሁ። ዓይኔ ሁልጊዜ መረቡ ሥር ወደቆመው ሰውዬ የሚሄደው ለዚህ ይሆናል።

አስተውላችሁ እንደሆነ፣ አንደኛው ከኋላ መስመር ሰርቪስ፣ ማለትም ጨዋታውን የምትጀምረውን ኳስ፣ ሲመታ ጓደኛው ከፊት ጀርባውን ሰጥቶት ነው የሚቆመው። ኳሷ በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ልትበር ትችላለች፤ የምታልፈው በጆሮ ግንዱ ሥር ነው። እሱ ግን ዞር ብሎ አያይም። ሰርቪሱ ከመመታቱ በፊት እጁን ወደ ኋላ አድርጎ በጣቶቹ ያወራል። ወዲያ ምታት፣ እኔ ልሻገር ነው፣ የለም እዚሁ ነኝ። ተጋጣሚ አያየውም። እኛም በመረብ ኳስ ለብሎክ፣ ማለትም የተጋጣሚን ምት መረብ ላይ ዘልለን ለመመከት፣ ስንዘጋጅ ከኋላ ላሉት ልጆች እንዲሁ በጣት እንነግራቸው ነበር። አንዳንዴ ደግሞ ሰውዬው መሃል መስመሩ ላይ ቁጢጥ ይላል። ወደ ግራ ይዘል ወደ ቀኝ፣ ከጓደኛው በቀር ማንም አያውቅም። ነጥቡ ሲገባ የሚጨበጨበው ለመቺው ነው። ግማሹን ሥራ የሠራው ያ ቁጢጥ ያለው ነው ብዬ ብቻዬን እጮሃለሁ።

እንደ ፈረንጆቹ የ2024ቱን የዊምብልደን የወንዶች ጥንድ ፍጻሜ ያየሁት ዘግይቼ ነው። አውርጄ ይዤው ደሴ እናቴ ቤት ወጣሁ። ጦሳ በጉም ተሸፍኗል፤ ብርዱ ለኮምቦልቻ ሰው የሚቻል አይደለም። ቡናው እየፈላ ስልኬን ትራስ ላይ አስደግፌ ከፈትኩት። ፊንላንዳዊው ሃሪ ሄሊዮቫራና እንግሊዛዊው ሄንሪ ፓተን ከአውስትራሊያውያኑ ማክስ ፐርስልና ጆርዳን ቶምፕሰን ጋር ናቸው።

የሁለቱ ታሪክ ራሱ ደስ ይላል። ሄሊዮቫራ በጉዳት ምክንያት ቴኒስ ትቶ ሄልሲንኪ አየር ማረፊያ ተቀጥሮ ሲሠራ የነበረ ሰው ነው። ዓመታት ቆይቶ ተመለሰ። ፓተን ደግሞ እዚያው ዊምብልደን የሌሎችን ጨዋታ እያየ አኃዝ ሲመዘግብ ነበር። አብረው መጫወት ከጀመሩ ገና ወራት ቢሆናቸው ነው፤ ከአዘጋጆቹ የደረጃ ዝርዝር ውስጥም አልነበሩም። በነጠላ ጨዋታ እንዲህ ዓይነት ሰዎች ፍጻሜ ሲደርሱ ለማየት ዕድሜ ይጠይቃል። በጥንድ ግን በ43 ዓመቱም የሚያሸንፍ አለ፤ ሕንዳዊው ሮሃን ቦፓና በዚያው ዓመት ከማቲው ኤብደን ጋር የአውስትራሊያ ኦፕንን ወስዷል። የሽማግሌ ጨዋታ ከሆነ ይሁና!

እናቴ ሲኒ እያጠበች በጎን ታያለች። ፓተን አንዷን ኳስ መረብ ላይ ሲሰካት ሄሊዮቫራ ሄዶ እጁን ነካው።

«አጥፍቶም ይጨብጠዋል?» አለችኝ።

«አዎ እማዬ፣ ቢያገባም ቢያጠፋም ነው።»

«ኸረ ወላሂ፣ ሲሸነፉ ማን ይወቀሳል ታዲያ?»

«ሁለቱም።»

«እንዲያማ ከሆነ ባልና ሚስት ናቸው» ብላ ወደ ሲኒዋ ተመለሰች።

የመጀመሪያውን ዙር አውስትራሊያውያኑ 7 ለ 6 ወሰዱ። ሁለተኛው በዚያው ውጤት ወደነ ሄሊዮቫራ ሄደ። ሦስተኛውም ታይብሬክ፣ ማለትም ዙሩን የሚለይ የነጥብ ፉክክር፣ ሆነና 11 ለ 9 አለቀ፣ ለነ ሄሊዮቫራው። ከዚያ በፊት ግን አውስትራሊያውያኑ ሦስት ጊዜ ለዋንጫው አንድ ነጥብ ብቻ ቀርቷቸው ነበር። ሦስቱም አመለጧቸው። እነ ፐርስል እንደተሰበሩ ይቀራሉ ብዬ ነበር፤ በቀጣዩ መስከረም ዩኤስ ኦፕንን አነሱ። እነ ሄሊዮቫራ ደግሞ በ2025 ጥር የአውስትራሊያን ጨመሩ።

አንድ የማልወደው ነገር አለ። ከታላላቆቹ አራት ውድድሮች (ከአውስትራሊያ፣ ከፈረንሳይ፣ ከዊምብልደንና ከዩኤስ ኦፕን) ውጪ ባሉት የወንዶች ጥንድ ውድድሮች፣ በዙር አንድ ለአንድ ሲሆኑ ሦስተኛው ዙር እንደ ዙር አይጫወትም። በ10 ነጥብ ታይብሬክ ይቋጫል። ለቴሌቪዥን ፕሮግራም ይመች ይሆናል፤ ለኔ ግን ግጥሚያው ሲሞቅ መጋረጃ መዝጋት ነው። በአንጻሩ በእነዚሁ ውድድሮች ነጥቡ 40 ለ 40 እኩል ሲሆን በአንዲት ነጥብ ብቻ መለያየታቸውን እወደዋለሁ። ሰርቪሱን ከሁለቱ ማን እንደሚቀበል የሚመርጡት ራሳቸው ተቀባዮቹ ናቸው። ኳሷን አፋቸው ላይ አድርገው ይንሾካሾካሉ። «አንተ ትሻላለህ» «የለም አንተ» የሚባባሉ ነው የሚመስለኝ፣ ልክ እንደኛ አገር ሰው።

ይሄ መግደርደር ትምህርት ቤትም አስቸግሮኛል። የቴኒስ ሜዳ የለንም። የመረብ ኳሱን መረብ ወገብ አካባቢ እናወርደዋለን። ትክክለኛው የጥንድ ሜዳ 10.97 ሜትር ይሰፋል፤ ከነጠላው በየጎኑ 1.37 ሜትር ይጨምራል። የኛው 9 ሜትር ነው፤ ይበቃል። ራኬቱ ከጣውላ የተቆረጠ ነው፣ ኳሷ ጸጉሯ የተመለጠ። ልጆቹ ብዙ፣ ሜዳው አንድ ስለሆነ ነጠላ ማጫወት አልችልም፤ አራት አራት እያደረግኩ አስገባቸዋለሁ።

ችግሩ መሃል ላይ የምትመጣው ኳስ ናት። ጎበዝ ተጫዋቾችም ሆን ብለው ወደዚያ ነው የሚመቱት፤ ሁለቱን ለማምታታት። የኔ ልጆች ግን ሳይመታባቸውም ይምታታሉ። አንዱ «ያንተ!» ይላል፣ ሌላው «ያንተ!» ይላል፣ ኳሷ በመሃላቸው ታልፋለች። ሁለቱም ይስቃሉ። «በሞቴ ውሰዳት» ያለም ሰምቻለሁ፣ ሜዳ ላይ!

አሁን ደንብ አውጥቻለሁ፤ መሃል የመጣችውን ኳስ ቀኝ እጁ ወደ መሃል የሆነው ልጅ ይመታታል። በግራ በኩል የቆመው ማለት ነው። ደንቡ ለትንሽ ጊዜ ሠራ። ከዚያ አንዲት ግራኝ ልጅ መጣችና አፈረሰችው። ጎበዝ ናት፣ መረቡ ሥር አትፈራም። ከአሜሪካዎቹ መንትዮች፣ ከብራያኖቹ፣ ቦብ ግራኝ ማይክ ቀኝ ነበሩ፤ አብረው 16 የታላላቅ ውድድሮች ዋንጫ አንስተዋል። ስለዚህ መላ አለው ማለት ነው። በግራ ባቆማት ይሻላል ወይስ በቀኝ፣ ከማንስ ጋር ላጣምራት የሚለውን ግን ገና አልወሰንኩም። እሷ ከክፍል አለቃው ጋር አልጫወትም ብላለች፤ ኳስ ይለቅባታል።