«ይበሉ ነበር»

ስፓኒሽ የተማርኩት ኩባ ነው። የወጣቶች ደሴት ላይ ካደግነው የኢትዮጵያ ልጆች አንዱ ነኝ። አሜሪካ ስገባ ቋንቋው እንጀራ ሆነኝ፤ አስተርጓሚ ሆንኩ። አንዴ አንዲት የአንትሮፖሎጂ ተመራማሪ የካሪቢያኗ ደሴት ፖርቶ ሪኮ ይዛኝ ሄደች። የምታጠናው ዛሬ «ታይኖ ነን» የሚሉ ሰዎችን ነው። እ.ኤ.አ. በ1492 ኮሎምበስን የተቀበሉት የካሪቢያን ተወላጆች ታይኖዎች ናቸው።

መጠይቁን ወደ ስፓኒሽ የመለስኩት እኔ ነኝ። በልጅነቴ «አልቀዋል» ሲባል ሰምቼ ስላደግኩ፣ ግሱን ሁሉ ሳላስበው በኃላፊ ጊዜ ጻፍኩት።

ኡቱዋዶ የሚባል ተራራማ አካባቢ አንዲት ባልቴት ቤት ገባን። ዶኛ እላቸዋለሁ፤ በእኛ እትዬ እንደማለት ነው። ካሳቫ የሚባለውን ሥር ፈቅፍቀው፣ መርዛም ውሃውን በጨርቅ ጨምቀው፣ ቡሬን ላይ ጋገሩት። ቡሬን ያው ምጣድ ነው። ትኩሱን ቂጣ ቆርሰው ሰጡኝ።

እያላመጥኩ አነበብኩላቸው። «ታይኖዎች ምን ይበሉ ነበር?»

እጄን አዩ። ከዚያ ፊቴን።

«ልጄ፣ መጀመሪያ አፍህ ውስጥ ያለውን ዋጥ።»

ክው አልኩ። ላስተካክል ብዬ ባሰብኝ። አንድ የዲኤንኤ ጥናት ትዝ አለኝ፤ ከደሴቷ ሰዎች 61 በመቶ ያህሉ በእናት በኩል ከተወላጆቹ ይመዘዛሉ ይላል። «ሳይንሱም ከእርስዎ ጋር ነው» አልኳቸው።

«የቀሩት 39ኞቹስ? የወንድሜ ልጆች እናታቸው ሌላ ናት። ከቤት ላስወጣቸው ነው?»

እውነታቸውን ነው። ያ ምርመራ የሚከተለው እናትን፣ የእናትን እናት፣ እንዲያ እያለ ብቻ ነው። የአባት እናት እንኳ አትገባበትም።

ስንመለስ ተመራማሪዋ አንድ ነገር ነገረችኝ። እ.ኤ.አ. በ1787 የደሴቷ ቆጠራ ከ2,000 በላይ ሰው «ኢንዲዮ»፣ ማለትም ተወላጅ፣ ተብሎ ተመዝግቧል። ብዙም ሳይቆይ መደቡ ከቅጹ ወጣ። ሰዎቹ እዚያው ተራራቸው ላይ ናቸው፤ ያለቁት ወረቀት ላይ ነው። እኔም ሌላ ወረቀት ይዤ መሄዴ!

ማታ «ኮሚያን» የሚለውን «ኮመን» እያልኩ፣ «ይበሉ ነበር»ን «ይበላሉ» እያደረግኩ አመሸሁ። አንዱ ጥያቄ ግን እምቢ አለኝ፤ «ታይኖዎች መቼ ጠፉ?» ይላል። ሰረዝኩት።

ጠዋት ተመራማሪዋ ቅጹን ገልጣ «19ኛው የት ሄደ?» አለችኝ።

«ዶኛን ጠይቂያቸው» አልኳት። «እኔ አስተረጉምልሻለሁ።»