ከቁጥሩ ፊት ያለችው ትንሽ ሰረዝ

ሰዎች ሥራህ ምንድን ነው ሲሉኝ "ፋይናንስ አስተምራለሁ" እላለሁ። ቀጣዩ ጥያቄ ሁሌም አንድ ነው፦ "ታዲያ ምን ልግዛ?" ሰርግ ላይ ተጠይቄያለሁ፣ ለቅሶ ላይም ተጠይቄያለሁ። አንዴማ የጥርስ ሐኪሜ አፌን አስከፍቶ፣ መልስ መስጠት በማልችልበት ሰዓት ጠይቆኛል። አላውቅም ስላቸው አያምኑኝም። ደብቆ ነው ይላሉ።

እውነቱን ለመናገር የእኔ ሥራ አክሲዮን መምረጥ አይደለም። የማጠናው የአክሲዮን ዋጋ እንዴት እንደሚወሰን፣ ሰው ሲገዛና ሲሸጥ ደግሞ የቱ ጋ ራሱን እንደሚያታልል ነው። እንዲህ ሲባል ትልቅ ነገር ይመስላል። ቀኑን ሙሉ የምሠራው ግን ዳታ ማጽዳት ነው። ምስር እንደሚለቅም ሰው ኮምፒውተር ፊት አጎንብሼ ጠጠር እለቅማለሁ። ዛሬ የምነግራችሁ ጠጠር መስሎኝ ምስሩን ስለደፋሁበት ጊዜ ነው።

አሜሪካ የዶክትሬት ተማሪ ሳለሁ ነው፣ ሁለተኛው ዓመት ላይ። የምረዳቸው ፕሮፌሰር በሙያው የታወቁ ሰው ነበሩ። "በስሜ ጥራኝ" ቢሉኝም አፌ አልታዘዝ ስላለኝ እስክመረቅ ድረስ "ፕሮፌሰር" እንዳልኳቸው ኖርን። ሌሎቹ ተማሪዎች በስማቸው ሲጠሯቸው እኔ ነበርኩ የማፍረው።

ጥናቱ መነሻው የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 ቨርነር ደ ቦንት እና ሪቻርድ ቴለር የሚባሉ ተመራማሪዎች አንድ የሚገርም ነገር አሳዩ። በኒውዮርክ ገበያ ላለፉት 3 ዓመታት ክፉኛ የወደቁ አክሲዮኖች፣ በቀጣዮቹ 3 ዓመታት፣ በጣም ወጥተው ከነበሩት በ25 በመቶ ገደማ የበለጠ አተረፉ። የእነሱ ማብራሪያ ሰው ለመጥፎ ዜና ከልክ በላይ ይደነግጣል፣ ሁሉም ተሽቀዳድሞ ሲሸጥ ዋጋው ከሚገባው በታች ይወርዳል፣ ሲረጋጋ ደግሞ ይመለሳል የሚል ነው። ቴለር እ.ኤ.አ. በ2017 የኖቤል ሽልማት ተሸልሟል፣ ለዚህ አንድ ጽሑፍ ሳይሆን ለዕድሜ ልክ ሥራው። የእኔ ፕሮፌሰር ያሰቡት ይህንኑ ነገር ትንንሾቹ ኩባንያዎች ላይ መፈተሽ ነበር፤ ማንም ተንታኝ የማይከታተላቸው፣ ስማቸውን ሰምታችሁ የማታውቁት ላይ።

ዳታው ክሪስፕ ይባላል። ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ በ1960 ሜሪል ሊንች በሚባል የአክሲዮን ደላላ ድርጅት ገንዘብ የጀመረው መዝገብ ነው። የአሜሪካን አክሲዮኖች ዋጋ ከ1926 ጀምሮ ይዟል። በእኛ ሙያ ያለሱ መንቀሳቀስ አይቻልም። እኔም ፋይሉን ተቀበልኩና ማጽዳት ጀመርኩ። የተደጋገመውን አወጣሁ፣ ባዶውን አወጣሁ። ከዚያ አንዳንድ ዋጋዎች ከፊታቸው የመቀነስ ምልክት፣ ያቺ ትንሽ ሰረዝ፣ እንዳለችባቸው አየሁ። መቀነስ ሦስት ዶላር ከሃያ አምስት ሳንቲም ምናምን።

ከዜሮ በታች የሆነ የአክሲዮን ዋጋ የት አገር አለ? ባለአክሲዮን የሚያጣው ቢበዛ የከፈለውን ነው፤ ተጨማሪ አምጣ አይባልም። (ነዳጅ ሌላ ነገር ነው፤ በኤፕሪል 2020 በኮቪድ ጊዜ ማጠራቀሚያ ሲሞላ የአሜሪካ ድፍድፍ ዘይት ውል ከዜሮ በታች 37 ዶላር ገብቷል። ያ ግን ውሉን ይዞ የተገኘ ሰው ዘይቱን ራሱን ተረከብ ስለሚባል ነው።) ስለዚህ ስህተት ነው አልኩና አንድ መስመር ጻፍኩ፦ ዋጋው ከዜሮ በታች ከሆነ ሰርዝ። ኢንተር ነካሁ። ሻይ ልጠጣ ወጣሁ።

ውጤቱ ሲመጣ እጄ ተንቀጠቀጠ ብል አላጋነንኩም። የወደቁት ትንንሽ አክሲዮኖች የሚመለሱት እንደ ጉድ ነበር። ሠንጠረዡ ያምራል። ፕሮፌሰሩ ምስጋና የሚቆጥቡ ሰው ናቸው፤ ወረቀቱን ሁለቴ አገላብጠው "ይሄ ጥሩ ነው" አሉ። ያን ቀን እናቴ ጋ ደውዬ ምን እንደሠራሁ ሳልነግራት ዝም ብዬ ስስቅ "ምን ሆነሃል ልጄ?" ብላኛለች። በሳምንቱ ሐሙስ ለመምህራኑ ሴሚናር እንድናቀርበው ቀጠሮ ተያዘ።

ማክሰኞ ማታ ነው ነገሩ የተበላሸው። ለሴሚናሩ ምሳሌ የሚሆን አንድ ኩባንያ ፈልጌ ወር በወር በእጄ ማየት ጀመርኩ። መጋቢት አለ። ሚያዝያ የለም። ግንቦት አለ፣ በትልቅ ትርፍ። ሚያዝያ የት ገባ? ጥሬውን ፋይል ከፈትኩ። ሚያዝያ ቁጭ ብሏል፣ ከፊቱ መቀነስ ይዞ። ዋጋው ደግሞ ከመጋቢቱ በጣም የወረደ ነው።

መመሪያው መጽሐፍ የት እንደነበረ ልንገራችሁ? ስክሪኑ ከፍ እንዲልልኝ ከስሩ አስቀምጬዋለሁ። አንድ ዓመት ሙሉ ስክሪን ተሸክሞ ነበር። ጎትቼ አወጣሁትና አነበብኩ። በዚያ ቀን መዝጊያ ላይ ግብይት ካልነበረ፣ መዝገቡ ያኔ ይይዝ የነበረው ሻጭ የጠራው ዋጋና ገዢ የሰጠው ዋጋ አማካይ ነው፤ እሱ መሆኑ እንዲታወቅም ከፊቱ መቀነስ ይደረግበት ነበር። በቃ። መቀነሷ መቀነስ አይደለችም። "አልተሸጠም" የምትል ምልክት ናት።

ይህን ሳነብ የመጣብኝ አጎቴ ነው። መርካቶ እህል በረንዳ ነጋዴ ነበር። ማታ ቤት ሲገባ ሰው "ጤፍ ስንት ዋለ?" ይለዋል። አንዳንድ ቀን መልሱ ቁጥር አልነበረም። "እኔ ይህን ያህል አልኩ፣ ሰውየው ይህን ያህል አለኝ፣ አልተገናኘንም" ይላል። ግድ ቁጥር ስጠን ካሉት መሃሉን ይነግራቸዋል፣ ግን "ተሸጠ አላልኩም" የምትለዋን ሳይጨምር አይለቃቸውም። የቺካጎ ሰዎችም ያደረጉት ይህንኑ ነው። እኔ ስንት ዘመን ስሰማው ያደግኩትን ነገር በእንግሊዝኛ ሲጻፍ አላወቅኩትም። በኋላ ለአጎቴ በስልክ ሳወራለት ጨርሶ አልገረመውም። "እሺ፣ ዶላር ስንት ገባ እዚያ?" አለኝ።

ጉዳቱን አስቡት እንግዲህ። ገዢ ጠፍቶ የማይሸጥ አክሲዮን ማን ነው? ትንሹ፣ የታመመው፣ ሰው የሸሸው። ልክ እኛ የምናጠናው ማለት ነው። የእኔ አንድ መስመር ኮድ እነዚህ አክሲዮኖች የወደቁበትን ወር እየቆረጠች ያገገሙበትን ወር ብቻ ትታልናለች። በዚያ ላይ ሌላ ነገር ነበር። ጭራሽ ከገበያ የተሰረዙት ኩባንያዎች የመጨረሻ ኪሳራቸው ብዙ ጊዜ መዝገቡ ውስጥ አልነበረም። ታይለር ሹምዌይ የሚባል ተመራማሪ ይህንን በ1997 ጽፎታል፤ በኪሳራና በመሰል ችግር ከኒውዮርክ ገበያ የወጡት በአማካይ 30 በመቶ ገደማ ያጣሉ፣ ይህን ያልቆጠረ ሰው ትርፉን ያጋንናል ብሎ። ጽሑፉን ለፈተና አንብቤዋለሁ። ከፈተናው በኋላ ረስቼዋለሁ።

ስለዚህ ያ የሚያምር ሠንጠረዥ የሚናገረው ስለተረፉት ብቻ ነበር።

አሁን የሚያሳፍረኝ ክፍል መጣ። ማክሰኞ ማታ አወቅኩ ብያችኋለሁ። ለፕሮፌሰሩ የነገርኳቸው ሰኞ ነው።

ረቡዕ "መጀመሪያ ላጣራ" አልኩ። ሐሙስ፣ ሴሚናሩ ሳምንት ሲቀረው፣ ኮዱን በትክክል አስኬድኩትና ከትርፉ ከግማሽ በላይ ሲጠፋ አየሁ። "ሌላ ስህተት ይኖራል፣ ይስተካከላል" ብዬ ዘጋሁት። ዓርብ ምን ሳደርግ ዋልኩ ብትሉኝ፣ የድሮውን ሠንጠረዥ መስመር ሳስተካክል፣ ፊደሉን ሳሳምር። ቅዳሜ አጠፋሁት ብል ይቀለኛል፤ አላጠፋሁትም። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ስለ መቀነስ ምልክት ሳስብ ነበር። ማንም ላያውቅ ይችላል የምትለዋ ሐሳብም መጥታ ሄዳለች፤ አልመጣችም ብዬ አልዋሽም።

ዴስኬ ላይ ምን ተለጥፎ እንደነበር ደግሞ ስሙ። ቴራንስ ኦዲን በ1998 ያሳተመው ጥናት ማጠቃለያ። ኦዲን ከአንድ የአክሲዮን ደላላ ድርጅት 10,000 ሂሳቦችን ወስዶ ከ1987 እስከ 1993 ያለውን መረመረ። ሰዎቹ ያተረፈላቸውን ቶሎ ይሸጣሉ፣ የከሰረባቸውን ግን ጨብጠው ይቀመጣሉ። ካልሸጥኩ አልከሰርኩም ይላሉ በልባቸው። የሚያሳዝነው፣ የሸጧቸው አትራፊዎች በቀጣዩ ዓመት፣ ጨብጠው ከያዟቸው ከሳሪዎች በአማካይ በ3.4 በመቶ የተሻሉ ነበሩ። ይህንን ሰው ሁሉ የሚሠራውን ስህተት እያጠናሁ ነው ዶክትሬት የምማረው። ስድስት ቀን ሙሉ የሞተ ሠንጠረዥ ጨብጬ ተቀመጥኩ። ጭራሽ ዓርብ ዕለት ጨምሬ ገዛሁበት።

ሰኞ ጠዋት ቢሯቸው ገባሁ። በሩን ዘጋሁት፣ እሳቸው ደግሞ በር መዝጋት አይወዱም፤ ያኔ ነው ቀና ያሉት። መመሪያውን ይዤ ነበር፣ ገጹ ላይ ጣቴን አድርጌ አሳየኋቸው። አንዴ አነበቡት። እኔ ለምን እንዳደረግኩት ለመመለስ ተዘጋጅቻለሁ፣ ሌሊቱን ስለማመደው ነው ያደርኩት። ለምን ብለው አልጠየቁኝም።

"መቼ አወቅክ?" አሉ።

"ማክሰኞ።"

"ያለፈው?"

"አዎ።"

ስለ ኮዱ ምንም አላሉም። እርሳስ አንስተው ከወረቀቱ ጥግ ላይ 6 ቁጥርን ጻፉ። ያችን ስድስት አሁንም አያታለሁ፣ ወረቀቱ እኔ ጋ ነው። ከዚያ ትንሽ ዝም ብለው "እኔም ከየት መጣ ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። አምሮኝ ነው ያለፍኩት" አሉ። ትልቅ ሰው እንዲህ ሲል የት እንደምገባ ጠፋኝ፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሴሚናሩን አልሰረዙም። ሐሙስ ሁለት ዓምድ አድርገን አቀረብን፣ በአንዱ የተሳሳተው፣ በሌላው የተስተካከለው። ያቀረብኩት እኔ ነኝ። ከኋላ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ መምህር እየሳቁ "በእኔ ጊዜ ይህን ያላደረገ ተማሪ አልነበረም" አሉ። ግማሹ ክፍል ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

የሚገርመው ከዚያ በኋላ ጥናቱ ራሱ ተቀየረ። የቀረችው ትርፍ የት እንዳለች ስንፈልግ፣ አብዛኛዋ ሰረዝ ያለባቸው አክሲዮኖች አካባቢ ተገኘች። ሻጭ 4 ዶላር ይላል፣ ገዢ 3 ዶላር ይላል፣ መዝገቡ 3.50 ይጽፋል። በ3.50 ግን የሚሸጥልህም ካንተ የሚገዛም የለም። ልግዛ ካልክ 4 ትከፍላለህ፣ ልሽጥ ካልክ 3 ትቀበላለህ፣ እዚያው አንድ ዶላር ተበላህ። ስለዚህ ጥያቄያችን "የወደቀ አክሲዮን ይመለሳል ወይ?" መሆኑ ቀርቶ "ይህን ዋጋ በእጁ የሚያገኘው ማን ነው?" ሆነ። ከመጀመሪያው ጥያቄ የሚሻል ይመስለኛል፣ ምንም እንኳ ጽሑፉ ታትሞ እስኪወጣ ሌላ አራት ዓመት ቢፈጅብንም።

በቅርቡ ከአገር ቤት የሚደወልልኝ ስልክ በዝቷል። በእኛ አቆጣጠር በጥር 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ አዲስ አበባ ላይ ተከፍቷል፣ ወጋገን ባንክም አክሲዮኑን በማስመዝገብ ቀዳሚ ሆኗል። ዘመዶቼ ድሮ የገዙትን የባንክ አክሲዮን ይዘው "አሁን ስንት ገባ?" ይሉኛል። ቁጥሩን ከመናገሬ በፊት አንድ ነገር እጠይቃለሁ፦ በዚያ ዋጋ ስንት ተሸጠ? ኢትዮ ቴሌኮምን እንኳ እዩት። 100 ሚሊዮን አክሲዮን በ300 ብር ለሕዝብ ቀረበ፣ የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ገደማ ነው። 300 ብር የተጠራው ዋጋ ነው። ገበያው ስንት ይላል የሚለው የሚታየው ሰው ከሰው ሲገዛ ነው። እንዲህ ስላቸው የጥርስ ሐኪሙ ያየኝን አስተያየት በስልክም ይታየኛል።

ጽሑፉን ለመጀመሪያው ጆርናል ስንልክ አልተቀበሉንም። ከገምጋሚዎቹ አንዱ፣ ስሙ የማይገለጽ ሰው፣ ሦስት ገጽ አስተያየት ጽፏል። የመጀመሪያው ጥያቄው ይህ ነበር፦ "ደራሲዎቹ ከዜሮ በታች የተመዘገቡትን ዋጋዎች ምን አደረጓቸው?" ፕሮፌሰሩ ደብዳቤውን አስተላልፈውልኝ ከላዩ ላይ "መልሱን አንተ ጻፍ" ብለው ጨመሩበት። የግርጌ ማስታወሻ ቁጥር 7 ላይ ይገኛል ብዬ ጻፍኩ።